የእናቴን ጥርስ ላተረፉልን ሐኪም

ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን ይዤ ከአንዱ የጥርስ ሕክምና ወደ ሌላው ስንከራተት ኖሬ፣ ዛሬ ይህን የምስጋና ቃል ለመጻፍ በመብቃቴ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። አንዱ ጥርሷ ሲሞላ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው በድዱ ጠርዝ ይቦረቦር ነበር፤ ሁለቱማ ተነቅለዋል። ከሁሉ የመረረኝ ግን አንድ ባለሙያ በወጉ እንኳ ሳያያት «አይቦርሹም ማለት ነው» ብሎ ሲያሰናብታት፣ ጠዋትና ማታ ሳትቦርሽ ውላ የማታውቀው እናቴ አንገቷን ደፍታ መውጣቷ ነው። ያን ዕለት ቤት እስክንገባ ቃል አልተነፈሰችም።

እኚህ ሐኪም ትንሿን መስታወት ወደ አፏ ሲያስገቡ መስታወቷ ጉንጯ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ቀስ ብለው አላቀቋት፤ ከዚያም መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው «እማማ፣ ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ይነሣሉ? የሚወስዱት መድኃኒትስ ምንድን ነው?» አሏት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። እናቴም ለደም ግፊትና ለአለርጂ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ከቦርሳዋ አወጣች፤ አፏ ሲደርቅባት የምትመጠው ከረሜላም አብሮ ወጣ።

የሕክምናውን ዝርዝር አልችለውም። የገባኝ፣ ጤነኛ ሰው በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ እንደሚያመነጭ፣ ምራቅም የምግብ ትራፊ እንደሚያጥብ፣ አሲድ እንደሚያረክስና ለጥርስ ካልሲየም እንደሚመልስ፣ እርሱ ሲጎድል ብሩሽ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ብዙ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ፤ ስኳር ያለው ከረሜላ ደግሞ በደረቅ አፍ ውስጥ ነገሩን ያባብሰዋል።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ሲሏት እናቴ አለቀሰች። መድኃኒቱን በራሳችን እንዳናቋርጥ አጥብቀው አስጠንቅቀው፣ ላዘዘላት ሐኪም በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከማሸጋቸው በፊትም ቃል በቃል አነበቡላት። የአለርጂው መድኃኒት ተቀየረ፣ ጥርሷ ፍሎራይድ ተቀባ፣ ከረሜላው በስኳር አልባ ማስቲካ ተተካ። ይኸው ስምንት ወር ሆነው፣ አዲስ የተቦረቦረ ጥርስ የለም።

አፉ እየደረቀ ጥርሱ የሚያልቅበት ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ወደ እርሳቸው ውሰዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሣ ስለጠየቁኝ አድራሻቸውን በግል ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ፤ እናቴም በየማለዳው ይህንኑ ትልዎታለች።