የጠዋት ድካምን ለማራቅ፦ ቡና ወይስ የጣና ዳር የእግር ጉዞ?

ባሕር ዳር ውስጥ ጠዋት ሰውነቱ አልነሳ ለሚለው ሰው ሁለት መፍትሔዎች በቅርብ ይገኛሉ፤ አንደኛው ቡና፣ ሌላው በጣና ዳርቻ የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው።

ቡና ፈጣን ነው። በውስጡ ያለው ካፌይን፣ አንጎል ውስጥ የድካም ስሜት የሚያመጣውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራውን እንዳይሠራ ስለሚከለክል፣ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይነቃል። ይሁን እንጂ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ሁለተኛ ስኒ የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል፤ በማግሥቱም ያው ድካም ይመለሳል።

የእግር ጉዞው ከባዱ ነገር ከብርድ ልብሱ መውጣቱ ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዓሣ አጥማጁ ከታች የራሰውን የደንገል ታንኳ ወደ ውሃው ሲገፋ እያዩ መራመድ ደስ ከማሰኘቱም በላይ፣ ወደ ዓይን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ስለሚቀንስና የሰውነትን ሰዓት ስለሚያስተካክል፣ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። ስለዚህ እኔ ጉዞውን አስቀድማለሁ፤ ቡናውንም ስመለስ፣ ከቁርስ ጋር እጠጣለሁ። በቂ እንቅልፍ ተኝቶም ለሳምንታት የሚደክም ሰው ግን፣ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱንም ትቶ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ይሻላል።