ጀዛኪላሁ ኸይረን ለድሬዋ የሙራባሃ ባለሙያ

ድሬ ላላችሁ ነጋዴዎች፦ ከወለድ ነፃ ባንክ በሙራባሃ ዕቃ ለመውሰድ ካሰባችሁ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ቅርንጫፍ የምትሠራ እህታችንን እንጠቁማችኋለን። እኛ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የምንሸጥ ነጋዴዎች ነን። ከእሷ የሚፈጥን ባለሙያ ሞልቷል፤ ቅደም ተከተል የማያዘልል ግን ጥቂት ነው።

ሙራባሃ ሽያጭ ነው። ባንኩ ዕቃውን በራሱ ስም ገዝቶ ይረከባል፤ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና የሚያገኘውን ትርፍ ለይቶ ነግሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈርሙት የመግዛት ቃል ብቻ ነው። ፕሮፎርማው (የአቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ) በባንኩ ስም ይቆረጣል፣ ክፍያው በቀጥታ ለአቅራቢው ይሄዳል፣ ዕቃው ይታያል፣ ባንኩ ይረከባል፤ የሽያጭ ውሉ የሚፈረመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ቁጭታ ሲፈረም፣ ባንኩ እጁ ያልገባውን ሸጠ ማለት ነው። የሸሪዓ ኦዲት (አሠራሩ ከእስልምና ሕግ ጋር መስማማቱን የሚያይ ምርመራ) ይህን ሲያገኝ ከዚያ ሽያጭ የመጣው ትርፍ ከባንኩ ገቢ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት ይውላል። እህታችን የርክክብ ሰነዱ ላይ ከቀኑ ጎን ሰዓቱንም ታስጽፋለች። መጋዘን ድረስ ወርዳ የካርቶኑን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ከኢንቮይሱ ጋር ታመሳክራለች፤ የሞዴሉ አንዲት ፊደል ከተለየች ውሉ አይፈረምም። ሰው ያጉረመርማል፣ እሷ ግን ፈገግ ብላ ትመልሳለች።

ፋይል የሚመለሰው በአብዛኛው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዕቃው ቀድሞ ተገዝቶ ሱቅ ገብቶ ሳለ «ገንዘቡን ብቻ ስጡኝ» ማለት፤ ያንተን ንብረት ባንኩ ላንተው አይሸጥልህም። ሁለተኛው፣ አቅራቢ ሆኖ የቀረበው የራስ ሁለተኛ ሱቅ ሲሆን ነው፤ ያ ዒና ይባላል፣ በሽያጭ ስም የተሸፈነ ብድር ነው። ሦስተኛው ቀላል ግን ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ ነው፦ ጊዜው ያለፈበት ፕሮፎርማ። ዶላር ሲንቀሳቀስ አቅራቢው በድሮው ዋጋ አይሸጥም፣ ፋይሉም ከዜሮ ይጀምራል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲንና የግብር ክሊራንስ አዘጋጅታችሁ ፕሮፎርማውን መጨረሻ አስቆርጡ።

ሒሳቡን ለምሳሌ እንየው። ዕቃው 800,000 ብር፣ ማጓጓዣው 20,000 ብር ቢሆን የባንኩ ወጪ 820,000 ብር ነው። በዚህ ላይ 12 በመቶ ትርፍ ቢስማሙ 98,400 ብር ይጨመራል፤ መሸጫው 918,400 ብር፣ በ10 ወር ሲከፈል በወር 91,840 ብር። አቅራቢው ለባንኩ ቅናሽ ቢያደርግ ወጪው ይቀንሳል፣ ቅናሹም ለእናንተ ይደርሳል። ብትዘገዩ ዋጋው አያድግም፤ ቅጣት ቢኖርም ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባንኩ ገቢ አይሆንም። ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ባንኩ በፈቃዱ ሊቀንስላችሁ ይችላል፣ ውል ውስጥ ግን ግዴታ ሆኖ አይገባም። ሌላው የሚዘነጋው፦ ዕቃው ከጅቡቲ በደወሌ በኩል ሲመጣ መንገድ ላይ ቢበላሽ፣ የሽያጭ ውሉ እስካልተፈረመ ድረስ ኪሳራው የባንኩ ነው። ባንኩ ትርፍ የሚገባውም ይህን አደጋ ስለሚሸከም ነው። ውል አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ግን አደጋውን በገዛ እጃችሁ ተሸከማችሁት።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 በመደበኛ ባንኮች ውስጥ ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘም የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። አገልግሎቱ ከመፈቀዱ በፊት ወለድ የማይበላ ነጋዴ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ይቆልፍ ነበር፤ ባንክ ቢያስገባም ወለዱን ይተወዋል፣ ንግድ ለማስፋት ያለው ዕቁብ ነበር። አሁን ያ ገንዘብ ተመልሶ ዕቃ ሆኖ ገበያ ይወጣል። የሳዑዲው አል ራጅሂን የመሰለ ግዙፍ ባንክም ይሁን የእኛ ሰፈር ቅርንጫፍ፣ ሙራባሃ ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ የሚለያየው ፋይሉን የያዘው ሰው ጥንቃቄ ነው።

አርብ ከጁምዓ በፊት ወረፋው ስለሚበዛ ሌላ ቀን ሂዱ። ስሟንና ቅርንጫፉን የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን።