ሲግናል ሲፈተሽ፦ ምስጠራው አስተማማኝ ነው፤ ሲም ካርዱ፣ ፒኑና ባክአፑስ?

የመልእክትና የጥሪ መተግበሪያ ስለሆነው ሲግናል ምስጠራ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ትሬቨር ፔሪንና ሞክሲ ማርሊንስፓይክ የነደፉት ፕሮቶኮል (የምስጠራው አሠራር ደንብ) በባለሙያዎች ዓመታት ሲመረመር የቆየ ነው፤ ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. በ2016 ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ያበራው ይህንኑ ፕሮቶኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የዛሬውን ምስጠራ ሊሰብር የሚችል የኳንተም ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢመጣስ በሚል ተጨማሪ የቁልፍ ልውውጥ ታክሎበታል። በተግባር ሰው ችግር ላይ የሚወድቀው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፦ በጠፋ ሲም፣ በተረሳ ፒን፣ ምንነቱን ሳያጣሩ በቃኙት ኪውአር ኮድ።

መጀመሪያ ከቴሌግራም ጋር ያለው ልዩነት ይጥራ፤ ብዙዎቻችን የምንውለው እዚያ ነውና። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከላኪው እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ተመስጥሮ የሚሄደው ቻት "ሲክሬት ቻት" የተባለው ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም፣ ከተከፈተበት ስልክ ውጭም አይታይም። ሲግናል ላይ ግን ቻቱም፣ ግሩፑም፣ ጥሪውም ምንም ሳይነኩ የተመሰጠረ ነው። ዜናና የሥራ ማስታወቂያ በቻናል መከታተል ከሆነ ቴሌግራም ይበቃል። የፓስፖርት ፎቶ፣ የሐኪም ውጤት ወይም የባንክ ደረሰኝ ለቤተሰብ መላክ ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሲግናል ስለ ተጠቃሚው ምን ያህል እንደሚያውቅ በፍርድ ቤት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ ቨርጂኒያ መረጃ እንዲሰጥ ትእዛዝ ሲደርሰው ያስረከበው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበትን ቀን። የእውቂያ ዝርዝር የለም፣ የግሩፕ ስም የለም፣ ማን ለማን ጻፈ የሚል መዝገብም የለም። ዋትስአፕ ያንኑ ፕሮቶኮል ቢጠቀምም በዚህ በኩል እኩያው አይደለም።

አሁን ወደ ምዝገባው። ቁጥር ሲያስገቡ አገሩን ኢትዮጵያ ብለው ይምረጡና የፊተኛዋን ዜሮ ይጣሉ፤ በ09 የሚጀምረው +2519፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥር +2517 ይሆናል። ኮዱ በኤስኤምኤስ ካልመጣ ደጋግሞ መጫን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ለጊዜው ያስቆልፋል። ሰዓት ቆጣሪው እስኪያልቅ ይጠብቁና "ደውልልኝ" የሚለውን ይምረጡ፤ ኮዱ በድምፅ ይነበብልዎታል። ቁጥሩ የግድ በዚያው ስልክ ውስጥ ባለ ሲም ላይ መሆን የለበትም። ኤስኤምኤስ ወይም ጥሪ መቀበል ከቻለ በቃ። አዲስ አበባ ያለች እናት በተራ ስልኳ የሚመጣላትን ኮድ አንብባ ታብሌቷ ላይ ማስገባት ትችላለች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የፒን ገጽ ብዙ ሰው ያገኘውን ቁጥር ጠቅ አድርጎ ያልፈዋል። ከአራት ስህተት አንዱ እዚህ ነው ብንል ማጋነን ሊሆን ይችላል፣ ግን ከባዱ ስህተት ይህ መሆኑ አያጠራጥርም። ፒኑ ስልኩን መክፈቻ አይደለም። ስልክ ሲቀይሩ ፕሮፋይልዎን፣ ሴቲንግዎንና ያገዷቸውን ሰዎች ዝርዝር የሚመልስልዎት እሱ ነው፤ የድሮ መልእክት ግን አይመልስም። ትልቁ ጥቅሙ "ሬጂስትሬሽን ሎክ" ከሚባለው ጋር ሲጣመር ነው፤ ይህ ደግሞ ሲጀመር የጠፋ ነው፣ አካውንት በሚለው ገጽ ገብተው ራስዎ ማብራት አለብዎት። ከበራ በኋላ ሲምዎን ያወጣ ወይም ኮዱን አታልሎ የተቀበለ ሰው እንኳ ያለ ፒኑ በቁጥርዎ መመዝገብ አይችልም። "በስህተት ወደ አንተ የተላከ ኮድ አለ፣ እባክህ ላክልኝ" የሚለው የተለመደ ማታለያ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ሬጂስትሬሽን ሎክ ግን የጊዜ ገደብ አለው። አካውንቱ 7 ቀን ሳይሠራ ከቆየ ይለቃል፤ ምክንያቱም የስልክ ቁጥር ለዘለዓለም የአንድ ሰው አይደለም። ካርድ ሳይሞላበት የተተወ ሲም ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤትም ሲግናል መክፈት መቻል አለበት። ወደ ውጭ ሄደው የኢትዮጵያ ቁጥራቸውን የተዉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። ቁጥሩ ከእጅ ሳይወጣ በ"ቼንጅ ፎን ነምበር" ወደ አዲሱ ማዛወር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ቻቱም ግሩፑም አብሮ ይሄዳል። ፒኑን በተመለከተ ደግሞ ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም፤ ፊደልም ይቀበላል። መተግበሪያው አልፎ አልፎ "ፒንዎን ያስገቡ" ሲል የሚያስቸግር ይመስላል፣ ነገር ግን ሰው እንዳይረሳው ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙ የደኅንነት መሣሪያ የሚወድቀው ሰው ይረሳል የሚለውን ስለሚረሳ ነው፤ እዚህ ላይ ንድፉ ተሳክቶለታል።

የማይሳካለት አንድ ቦታ አለ፦ ኮምፒውተር ማገናኘት። በኮምፒውተሩ ላይ ኪውአር ኮድ ይወጣል፣ በስልኩ ይቃኙታል፣ አለቀ። ይህ ቅለት ለአጥቂም ቅለት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የጎግል የደኅንነት ተመራማሪዎች ከሩሲያ ጋር የተያያዙ ቡድኖች የግሩፕ መጋበዣ የሚመስል ኪውአር ኮድ እያዘጋጁ ሰዎችን እንደሚያስቃኙ ይፋ አድርገዋል። የቃኘው ሰው ግሩፕ የገባ ይመስለዋል፤ በእውነቱ የአጥቂውን ኮምፒውተር ከራሱ አካውንት ጋር አገናኝቷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ለሁለቱም ይደርሳል። ምስጠራው አልተሰበረም፤ በትክክል ሠርቶ ለተጨማሪ አንድ ተቀባይ አድርሷል። መከላከያው በሴቲንግ ውስጥ "ሊንክድ ዲቫይስስ" የሚለውን በየጊዜው ከፍቶ ማየት ነው። የማያውቁት ስም ካለ ያለ ማመንታት ያስወግዱት። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ወይም በመሥሪያ ቤት የጋራ ኮምፒውተር ላይ ባያገናኙ ይመረጣል፤ አገናኝተው ከሆነም መስኮቱን መዝጋት አይበቃም፣ ከስልኩ ላይ መቁረጥ ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ ቻት "ሴፍቲ ነምበር" የሚባል ባለ 60 አኃዝ ቁጥር አለው፤ አምስት አምስት ሆኖ በ12 ክፍል ይጻፋል። በሁለቱም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ በመካከል የገባ የለም ማለት ነው። በአካል ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኪውአር ይቃኛል፤ ሩቅ ከሆኑ በቪዲዮ ጥሪ ያነባሉ። ሁሉንም ሰው ማረጋገጥ አድካሚ ነው፣ አስፈላጊም አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ መቀየሩን ቻቱ ላይ ካሳወቀዎትና ያ ሰው በዚያው ሰሞን ገንዘብ ላክልኝ ካለ ደውለው ድምፁን ይስሙ። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ስልክ ገዝቶ ወይም መተግበሪያውን አጥፍቶ መልሶ ጭኖት ነው።

ባክአፕ የሲግናል የቆየ ሕመም ነበር። ስልኩ የተሰበረበት ሰው የዓመታት ቻቱን አብሮ ይቀብር ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ የተመሰጠረ የክላውድ ባክአፕ መጥቷል፦ ጽሑፉንና የ45 ቀን ፎቶና ቪዲዮ በነፃ፣ ሁሉንም ፋይል እስከ 100 ጊጋባይት ማስቀመጥ ለሚፈልግ ደግሞ በወር 1.99 ዶላር። ሲያበሩት 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ ይሰጥዎታል። ይህን ቁልፍ ያጣ ሰው ባክአፑን አጥቷል፤ ሲግናልም ሊከፍትለት አይችልም፣ ቁልፉ እነሱ ዘንድ የለምና። እንግዲህ በወረቀት ጽፎ ከቤት ካርታና ከልደት የምስክር ወረቀት ጋር ማስቀመጥ ነው። ስክሪንሾት አንስቶ እዚያው ስልክ ላይ መተው ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደ መርሳት ይሆናል።

ስልክ ቁጥርን መደበቅ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ይቻላል። የተጠቃሚ ስም ይመርጣሉ፣ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይታከልበታል፣ ለማያውቁት ሰው ያንን ይሰጣሉ። ግን ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ብዙ ነው። ቁጥርዎ ለማያውቅዎ ሰው ባይታይም፣ ቁጥሩን ቀድሞ የያዘ ሰው ሲግናል ላይ መኖርዎን ማግኘት ይችላል። ይህን ካልፈለጉ በፕራይቬሲ ውስጥ የስልክ ቁጥር የሚለውን ከፍተው "በቁጥሬ ማን ያግኘኝ" ለሚለው "ማንም" ይበሉ።

ለአማርኛ ጸሐፊ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ አይቆጥርም፤ ጓደኛዎ "ሠርግ" ብሎ ከጻፈ "ሰርግ" ብለው አያገኙትም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይም፣ አ እና ዐ ላይም እንዲሁ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም መሞከር ነው። ሁለተኛው ኪቦርድ ነው። መልእክቱ የሚመሰጠረው ከተጻፈ በኋላ ነው፤ ኪቦርዱ ግን እያንዳንዱን ፊደል አስቀድሞ ያያል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ የግእዝ ኪቦርድ ጭነው ሲግናል መጠቀም ትርጉም የለውም፤ የጎግል ኪቦርድ የሆነው ጂቦርድ አማርኛ አለው። አንድሮይድ ላይ "ኢንኮግኒቶ ኪቦርድ" የሚለውን ማብራትም ይጠቅማል፣ ግን ይህ ለኪቦርዱ የሚቀርብ ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

መልእክት ዘግይቶ ይደርሳል የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ሥራ ነው። በቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ሲግናልን ከመተግበሪያ ዝርዝር ከፍተው ባትሪ በሚለው ሥር ያለ ገደብ እንዲሠራ ይፍቀዱለት። የዳታ ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ደግሞ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" ውስጥ ሦስት ነገር ይስተካከል፦ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ፣ የሚላከው ፎቶ ጥራት መደበኛ እንዲሆን፣ ጥሪም አነስተኛ ዳታ እንዲጠቀም።

መዘጋትን በተመለከተ ሁለት ነገር አይምታታ። ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ሲግናል አይሠራም፤ ዘዴ የለውም። የተዘጋው ሲግናል ብቻ ከሆነ ግን ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሲግናል ፕሮክሲ (መልእክቱን በሌላ መንገድ የሚያሳልፍ ሰርቨር) ከፍቶ ሊንኩን ሊልክልዎት ይችላል፤ ይህ ዘዴ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ2021 ኢራን ሲግናልን በዘጋችበት ወቅት ነው። ፕሮክሲውን የከፈተው ሰው መልእክቱን ማንበብ አይችልም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ያላችሁ ግን የኢንተርኔት ጥሪ በሕግ የተገደበ መሆኑን፣ ገደቡን በቪፒኤን ማለፍም ሊያስቀጣ እንደሚችል አትርሱ።

ዋጋው ነፃ ነው፤ ማስታወቂያም የለበትም። የሚተዳደረው ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ነው፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ከስጦታ የሚመጣ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጪውን ሲዘረዝር የምዝገባ ኮድ በኤስኤምኤስና በጥሪ መላክ ብቻ በዓመት ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅበት ገልጿል፤ ለሰርቨር ከሚያወጣው የሚበልጥ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ኮዱን በሚልክለት ኩባንያ ላይ በደረሰ ጥቃት ወደ 1,900 የሚሆኑ የሲግናል ቁጥሮች ለአደጋ የተጋለጡትም በዚሁ በኤስኤምኤስ በኩል ነበር። ያኔም ቢሆን ሬጂስትሬሽን ሎክ ያበራን ሰው ቁጥር በሌላ ስልክ ላይ መመዝገብ አይቻልም ነበር።