ለቤተሰብ ምጣኔ ክፍሏ ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ ለምትሠራ አንዲት አዋላጅ ነርስ ነው። ስሟን በአደባባይ እንድጠራው ስላልፈለገች ሲስተር ብዬ ልለፍ። ልጅ ለምታስቡ፣ በተለይ «እኛ ገና ነን» ለምትሉ፣ እንደሷ ያለ ባለሙያ ፈልጋችሁ አናግሩ ለማለትም ጭምር ነው።

እኔና ባለቤቴ ማስተርሴን እስክጨርስ ልጅ ይቆይ ብለን ተስማምተናል። እሷ ጋ የሄድኩትም እንደወትሮው የሦስት ወሩን መርፌ ለመወጋት ነበር። ካርዴን አየችና «ልጅ መቼ ነው ያሰባችሁት?» አለችኝ። «የዛሬ ዓመት አካባቢ» አልኳት። መርፌውን አስቀምጣ ወንበር ሳበች። «እንግዲያው ማውራት ያለብን ዛሬ ነው» አለች።

ዲፖ የሚባለው ይህ የሦስት ወር መርፌ ማህፀን አያበላሽም፣ መካንም አያደርግም። ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከመጨረሻው መርፌ ተነስቶ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። አንዳንዷ ቶሎ ታረግዛለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ከዓመት በላይ ትቆያለች። ክኒኑና ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን እንዲህ አያዘገዩም። ስንቷ ሴት ናት መርፌውን ባቆመች በጥቂት ወሯ «አበላሸኝ» ብላ የምታለቅሰው! አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ በጭንቀት አታሳልፈውም ነበር። እኔ እዚያው መርፌውን ትቼ ወደ ክኒን ዞርኩ።

ቀጥላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የባንክ ካላንደር አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ከመርፌው በፊት የወር አበባሽ በስንት ቀኑ ነበር የሚመጣው?» በ32። በእስክሪብቶ ከሚቀጥለው ወር አበባ ወደ ኋላ 14 ቀን ቆጠረችና 18ኛው ቀን ላይ አከበበች። ብዙዎቻችን እንቁላል የሚወጣው ለሁሉም ሴት በ14ኛው ቀን ይመስለናል። እሱ የሚሠራው በየ28 ቀኑ ለሚመጣላት ነው። የወጣው እንቁላል ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፣ የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለማርገዝ ዋናዎቹ ቀናት እንቁላሉ ከሚወጣበት ቀን በፊት ያሉት አምስቱና ያ ቀን ራሱ ናቸው። ግምት ነው፣ ሊዛነፍ ይችላል። «የኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ስለሆነ ለመቁጠር ይመቻል፤ ጳጉሜን ብቻ እንዳትዘያት» አለችኝ።

ያልጠበቅኳቸውን ጥያቄዎችም ጠየቀችኝ። እናትሽ የወር አበባዋ በስንት ዓመቷ ቆመ? ሥራ የሚያስቀር ሕመም አለሽ? ሆድሽን ተከፍተሽ ታውቂያለሽ? ያልታከመ ኢንፌክሽን ነበረሽ? በግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳዩም። ዝም ብለው የማህፀን ቱቦን ጠባሳ ሊያደርጉትና ሊዘጉት ይችላሉ። በጊዜ ከተገኙ ግን በመድኃኒት ይድናሉ። ለእኔ በጣም ከባዱ ነገር ይሄ ነው፤ በመድኃኒት የሚድን ነገር ሳይታወቅ ቀርቶ ስንት ትዳር ይናጋል።

ጓደኞቼ የሚያወሩለትን ኤ ኤም ኤች የሚባለውን የደም ምርመራም አነሳሁባት። «የቀረውን የእንቁላል መጠን ይገምታል እንጂ ታረግዣለሽ ወይም አታረግዢም አይልሽም» አለች። ውጤቱ ዝቅ ያለባት ሴትም በተፈጥሮ ታረግዛለች። እንቁላል ቤቷ ላይ ቀዶ ጥገና ላደረገች፣ የካንሰር ሕክምና ለምትጀምር፣ ወይም በቤተሰቧ የወር አበባ ቶሎ የማቆም ነገር ላለባት ይጠቅማል። ለእኔ አሁን ገንዘብ ማባከን እንደሆነ በግልጽ ነገረችኝ። እንዲህ የሚል ባለሙያ ሲገኝ ማመስገን ያስፈልጋል።

«በሚቀጥለው ባልሽን ይዘሽ ነይ» አለች። ይዤው ሄድኩ። በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው። እሷ ጸበል ለጸበል፣ ሐኪም ለሐኪም ትንከራተታለች፣ እሱ አንድ ቀን እንኳን አይመረመርም። ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ጋ ግን የወንዱም ችግር አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። ሲስተር ይሄን ስትነግረው ሳታሸማቅቀው ነው። በልጅነቱ ወይም ካደገ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት እንደሆነ፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ጠየቀችው። ጂም ቤት የሚሰጥ የቴስቶስተሮን መርፌ ወስዶ እንደሆነም አልዘለለችም። ጡንቻ ያበዛል የሚሉት መርፌ የወንድ ዘር መመረትን ሊያቆም ይችላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ወጣቶች አሉ። ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

የወንድ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ። ዘር ተመርቶ እስኪደርስ ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅ፣ አንድ ውጤት ቢበላሽ ተስፋ አይቆረጥም፤ ወደ ሦስት ወር ቆይቶ ይደገማል። ጸበልን በተመለከተ ባለቤቴ ሲጠይቃት «ሂዱ እንጂ! ጸበሉም ምርመራውም ለሁለታችሁ ነው» ነበር ያለችው።

ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። የሕፃኑ አከርካሪና አንጎል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው።

መቼ መጨነቅ እንዳለብንም ነገረችን። ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራ ካልመጣላት፣ ከ35 በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር፣ ያኔ የማህፀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የወር አበባዋ የተዛባባት ወይም ቀድሞ የታወቀ ችግር ያለባት ግን ይህን ያህል አትጠብቅ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ካለ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ብዙ ሰው ውጭ አገር ካልሄደ የማይገኝ ይመስለዋል።

ለዚህ ሁሉ ምክር አንድ ብር አልከፈልንም። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ነፃ ነው። ሲስተርዬ፣ ውጭ ወረፋ እየጠበቀሽ እኛን ሳታጣድፊ ስላስረዳሽን እግዜር ያክብርልኝ። እጅሽ ይባረክ።

የት እንደሆነች የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጃት እነግራችኋለሁ። ራቅ ያላችሁ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ሞክሩ። ስትሄዱ የመጨረሻ የወር አበባችሁን ቀንና የምትወስዱትን መከላከያ ስም ጽፋችሁ ያዙ። ባሎቻችሁንም አትርሱ። ጠዋት ጠዋት የሕፃናት ክትባት ስለሚበዛ ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል።