የአዟሪው «ጠቅላላ ዕውቀት»፦ ጥያቄው ይግዛ፣ መልሱ ይጣራ

ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው ከሚያዞሯቸው መጻሕፍት መካከል፣ ከእንግሊዝኛ ሰዋስውና ከሥራ ፈተና መለማመጃ ጎን የማይጠፋው «ጠቅላላ ዕውቀት» የሚለው ቀጭን መጽሐፍ ነው። ርዕሱና የሽፋኑ ቀለም ይለያይ እንጂ ውስጡ ያው ነው፦ ታዋቂ ሰዎች፣ ዋና ከተሞች፣ እንስሳት፣ ዕፅዋት፣ ደሴቶች፣ «በዓለም ትልቁ»፣ «በዓለም የመጀመሪያው»። እዚህ የሚመዘነው የአንድ አሳታሚ ሥራ ሳይሆን ዓይነቱ ነው፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ስለሚሄድ ስሕተታቸውም የጋራ ሆኗል።

ዋጋቸው ኪስ አይጎዳም፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ፤ በአንድ መጽሐፍ የሚገኘው የጥያቄ ብዛትም ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የወራት ስንቅ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው መጽሐፉ ከተለማማጁ እጅ ወጥቶ የጥያቄና መልስ ውድድር ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ራሱን እንይ። መልሶቹ መጨረሻ ላይ በቁጥር ተዘርዝረው ከሆነ፣ አዟሪው እንደቆመ መሐል አካባቢ ያለ አንድ ጥያቄና የመጨረሻውን ጥያቄ ከመልሶቻቸው ጋር ያመሳክሩ። በአዲስ እትም አንድ ጥያቄ ወጥቶ ወይም ተጨምሮ መልሶቹ ሳይስተካከሉ ሲቀሩ፣ ከዚያ ቁጥር በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል፤ «ረጅሙ ወንዝ?» ለሚለው «አቦ ሸማኔ» የሚል መልስ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ የታተመበትን ዘመን ይፈልጉ። «ተሻሽሎ የቀረበ» የሚል ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ ኖሮ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ከሌለ፣ የተሻሻለው ሽፋኑ ብቻ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ፊደሉ ደብዝዞ የገጹ ጠርዝ የጠቆረው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ነው፤ እዚያ ላይ 3 እና 8 አይለዩም፣ ዓመት የሚጠየቅበት ክፍል በሙሉ ዋጋ ያጣል።

ከይዘቱ ስሕተቶች ሁሉ የሚብሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አብዛኞቹ በአንድ ገጽ ላይ የእኛንና የአውሮፓውያንን ዓመት ሳይለዩ ይቀላቅላሉ፤ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ቅጥያ አንዱ ጥያቄ ላይ ትኖራለች፣ ቀጣዩ ላይ የለችም። አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነው። መጻሕፍቱ ከ1960 ላይ 7 ቀንሰው «1953 ዓ.ም.» ይላሉ። ቀኑ ግን በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ይቀረው ነበር። የቶኪዮው ድል ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964 ስለሆነ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ላይ ይውላል። ስለዚህ በሁለቱ ድሎች መካከል በፈረንጅ 4 ዓመት፣ በእኛ የዓመት ቁጥር ደግሞ 5 ይቆጠራል፤ ሁለቱም ልክ ነው። ይህን ያላወቀ ዳኛ ትክክለኛውን ተወዳዳሪ ይጥላል።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተደረገ ነገር በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ስለሆነ 8 ሲደመር 1896 ይሆናል። ወሩ ያልተጻፈበት ዓመት ወደ ሌላው አቆጣጠር ባይገለበጥ ይሻላል፤ እንዳለ ይተውና አጠገቡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» እንደ አቆጣጠሩ ይጻፍበት።

እግረ መንገድ፣ አበበ «ሁለቱንም ማራቶን በባዶ እግሩ» አሸነፈ የሚለው አሁንም እየታተመ ነው። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት። ደራርቱ ቱሉንም «የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ይሏታል፤ ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተዋኪል እ.ኤ.አ. በ1984 በ400 ሜትር መሰናክል አሸንፋ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ላሸነፈችው ደራርቱ ትክክለኛው አባባል «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት» ነው። አንዲት ቅጽል ስትጎድል መልሱ ከነጭራሹ ይበላሻል።

ወደ «ትልቁ» እንምጣ። «በዓለም ትልቁ ቤተ መጻሕፍት?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪም ግን እንደ እሱ ከ150 ሚሊዮን በላይ ዕቃ አለው፤ የሚቆጠረው መጽሐፍ ብቻ ነው ወይስ ካርታው፣ ጋዜጣውና ድምፁም ጭምር የሚለው ካልተወሰነ ጥያቄው ክርክር ይወልዳል። ከዚያ ይልቅ «እ.ኤ.አ. በ1814 እንግሊዞች ካቃጠሉት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን መልሶ ያቋቋመው የማን ስብስብ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የቶማስ ጀፈርሰን፣ 6,487 መጻሕፍት፣ በ1815 የተገዛ። «የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት እስክንድርያ» የሚለውም መሰረዝ አለበት። በነነዌ የነበረው የንጉሥ አሹርባኒፓል የሸክላ ጽላት ስብስብ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው፤ እስክንድርያ ከተማዋ እንኳ ገና አልተቆረቆረችም ነበር።

የደሴቶቹ ምዕራፍ የባሰ ነው። ማዳጋስካር «በዓለም ሦስተኛ» ተብላ ትጻፋለች፤ በስፋት ቅደም ተከተሉ ግሪንላንድ፣ ኒው ጊኒ፣ ቦርኒዮ፣ ከዚያ ማዳጋስካር ነው። «ብዙ ደሴት ያላት አገር?» ለሚለው ኢንዶኔዥያ ይላሉ፤ የኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ሲሆን ስዊድን ግን ጥቃቅኖቹን ሁሉ ቆጥራ ከ260,000 በላይ ታስመዘግባለች። ጥያቄው የሚድነው «ሰው የሚኖርባቸው» ወይም «ከዚህ ስፋት በላይ» የሚል መስፈሪያ ሲገባበት ብቻ ነው። የአገራችን ጣናም አልተረፈም። ዘጌን ከደሴቶቹ ጋር የሚደረድሩ አሉ፤ ዘጌ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ ምድር ነው። ትልቁ የጣና ደሴት ደቅ ነው። የሐይቁ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ትንንሾቹ ስለሚዋጡና ስለሚገለጡ ግን «ጣና ስንት ደሴት አለው?» የሚለው ለውድድር አይሆንም።

ዕፅዋቱ ላይ ጥሩ ጥያቄዎች አሉ፤ መልሶቹ ግን ይሳሳታሉ። «ትልቁ ዘር» ኮኮናት አይደለም፤ በሲሸልስ ደሴቶች ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅለው ኮኮ ደ ሜር ነው፣ እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ሙዝ «ዛፍ» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሙዝም ሆነ ዘመዱ እንሰት ግንዱ እንጨት የሌለው፣ የቅጠል ልጥ ተደራርቦ የሠራው ተክል ነው። ቀርከሃ ደግሞ ከጤፍና ከስንዴ ጋር የሣር ወገን ነው።

እንስሳቱ ደኅና ናቸው፤ የቀጭኔ አንገት እንደ ሰው 7 አጥንት እንዳለው ሁሉም በትክክል ጽፈውታል። «ፈጣኑ እንስሳ» የሚለው ላይ ብቻ «በየብስ» የሚል ካልተጨመረ፣ ወደ ታች ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበረው ፔሬግሪን ጭልፊት አቦ ሸማኔን ይቀድመዋል።

ያረጀ መልስ ለመያዝ አምስት ጥያቄ በቂ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በስፋት ትልቋ የአፍሪካ አገር ሱዳን ከሆነች መጽሐፉ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልታየም፤ ደቡብ ሱዳን ከተለየች ጀምሮ አልጄሪያ ናት። ስዋዚላንድ በ2018 ኢስዋቲኒ ሆናለች። የአፍሪካ ኅብረት አባላት 55 ናቸው፤ 54 የሚለው ልክ የሚሆነው በተባበሩት መንግሥታት አባል የሆኑትን አፍሪካውያን ሲቆጥሩ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች ደግሞ ብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ አሁንም 9 ናቸው፤ በ2023 የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ተጨምረው 12 ደርሰዋል። ከአምስቱ ሦስቱን የሳተ መጽሐፍ ለአዟሪው ይመለስ፤ አዟሪው አይቀየምም፣ ሌላ ያወጣል።

ለማጣራት ከመሐል ከተማ መውጣት አያስፈልግም። በአራት ኪሎ አብርሆት፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት)፣ ለታሪክና ለሥነ ሰብ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይበቃሉ። «የሰው ዘር ጥንታዊ ቅሪት ድንቅነሽ» የሚለውን ለማረም ብሔራዊ ሙዚየም መግባት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲሆናት፣ አርዲ የተባለችው ሌላዋ ቅሪተ አካል 4.4 ሚሊዮን ናት፤ «የድንቅነሽ ልጅ» እየተባለች የምትጠራው የዲኪካዋ ሰላም እንኳ በ3.3 ሚሊዮን ትቀድማታለች።

ሁለት ዓይነት አቀራረብ አዟሪው እጅ ላይ ካለ፣ መልሱ ከጥያቄው ሥር የተጻፈበትን ለብቻ ጥናት፣ መልሱ መጨረሻ የተሰበሰበበትን ለቡድን ልምምድ ይምረጡ። እርማቱንም በእርሳስ ከነዓመቱ ኅዳጉ ላይ ይጻፉ፤ የቅርሱ ቁጥር እንደገና መጨመሩ አይቀርም።