የጀማሪዎች የኦርኪድ ጥቅል በሞቃትና በደረቅ አየር ሲፈተን

«ለጀማሪዎች» ተብሎ የሚሸጥ አንድ የኦርኪድ ጥቅል ገዝቼ ከአሥራ አራት ወራት በላይ ሞቃትና ደረቅ አየር ባለበት ቤት ውስጥ ተጠቅሜበታለሁ። ካርቶኑ ሲከፈት ፋላኖፕሲስ የተባለ፣ አበባ የያዘ አንድ ኦርኪድ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ መትከያ፣ አንድ ከረጢት የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት፣ ስፋግነም ሞስ የተባለ ተጨምቆ የደረቀ የረግረግ ተክል፣ ጠጠር የሚነጠፍበት ዝርግ ሳህን፣ ትንሽ የውኃ መርጫ፣ በዱቄት መልክ የቀረበ ማዳበሪያና ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ ይገኙበታል። አዘጋጁን በስም አልጠቅስም፤ ከልዩ ልዩ አምራቾች የሚወጡት ጥቅሎች በይዘት እምብዛም ስለማይለያዩ፣ ከዚህ በታች የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

መመሪያውን ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊው በዓይነ ኅሊናው ያየው ቤት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀትና 60 በመቶ የሚጠጋ የአየር እርጥበት ያለው መሆኑን ወዲያው ይረዳል። እኔ ጥቅሉን የፈተንሁበት ክፍል ግን በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ የአየሩ እርጥበትም እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ከቅጠልና ከሥር ውኃ የሚስብበት ኃይል ሲሰላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ የመዘንሁት ይህን የአየር ጥማት ምን ያህል ይቋቋማል በሚል ጥያቄ ነው፤ በዚህ ሚዛን ከካርቶኑ ውስጥ ግማሹ አልፏል፣ ግማሹ ወድቋል።

ከተክሉ እጀምራለሁ። ፋላኖፕሲስ በደቡብ ምሥራቅ እስያና እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ባለው አካባቢ፣ እርጥበት ባልተለያቸው ደኖች ውስጥ በዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ተክል ነው። ብርሃኑ መጠነኛ በሆነ መስኮት አጠገብ ስለሚያብብና አበባውም ለወራት ስለሚቆይ ለጀማሪ መመረጡ አያስገርምም። ነገር ግን እንደ ካትሊያ ያሉት ኦርኪዶች ያላቸው፣ ውኃ የሚያጠራቅመው ያበጠ ግንድ የለውም፤ ስንቁ ያለው በቅጠሎቹና በሥሮቹ ብቻ ነው። የእኔው ተክል ሰባት የፈኩ አበቦችና አምስት እንቡጦች ይዞ መጣ። በስድስተኛው ቀን እንቡጦቹ ከአንገታቸው ቢጫ መሆን ጀመሩ፤ ሳምንት ተኩል ሳይሞላ አራቱ ረገፉ። በወቅቱ ተክሉ የሞተ መስሎኝ ውኃ አበዛሁበት፤ ይህም ስሕተቱን አባባሰው። እርጥበት ካለው ማደጊያ ወደ ደረቅ ክፍል በድንገት የተዛወረ ኦርኪድ በመጀመሪያ የሚጥለው እንቡጡን መሆኑን መመሪያው በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ቢናገር ኖሮ ያን ያህል ባልተደናገጥሁ ነበር።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ያለ ማመንታት የማመሰግነው ብርሃን አሳላፊውን መትከያ ነው። የኦርኪድ ሥር ቬላመን በተባለ ስፖንጅ መሰል ነጭ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ብርማ ይመስላል፤ ውኃ ሲነካው ግን እያዩት ሥሩ አረንጓዴ ይሆናል። ተክሉ መጠማቱን ለማወቅ ጣት ሰድዶ መቆፈር አያስፈልግም፤ በመትከያው ግድግዳ በኩል የሥሩን ቀለም ማየት ይበቃል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሸክላ መትከያ በደረቅ አየር በጎኑ እየተነነ ሥሩን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይደርቃል፤ በግድግዳው ላይም ጨው ይከማቻል። የፕላስቲኩ አንድ ጉድለት ፀሐይ በቀጥታ ካገኘችው ውስጡ መሞቁ ነው፤ በመሆኑም ሰፋ ባለ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጨዋለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታም እንደ ጥላ ያገለግላል።

ቅርፊቱና ሞሱ ጥራታቸው ጥሩ ነው፤ አዘገጃጀታቸው ግን በወጉ አልተነገረም። አዲስ የደረቀ ቅርፊት ውኃን ይገፋል፤ ያፈሰሱት ውኃ ሁሉ ሳያርሰው በታች ስለሚወርድ ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። መመሪያው ተክሉ በቅርፊት ብቻ እንዲተከል፣ ሞሱም ከላይ ለጌጥ እንዲጣል ያዛል። እንደተባልሁት ሠርቼ መትከያውን በኩሽና ሚዛን በየቀኑ ስመዝነው ያጠጣሁት ውኃ በሁለት ቀን አለቀ። ስፋግነም ደግሞ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ ውኃ መያዝ የሚችል የረግረግ ተክል ነውና በደረቅ አየር ቦታው ሥሮቹ መካከል እንጂ ከላይ አይደለም። አንድ እጅ ሞስ ከሁለት እጅ ቅርፊት ጋር ቀላቅዬ እንደገና ስተክለው እርጥበቱ እስከ አምስተኛው ቀን ቆየ። ሁለቱን በቀላቀልሁበት የመጀመሪያ ሙከራዬ ግን ሞሱን በጣቴ ጠቅጥቄው ስለነበር ሁለት ሥሮች በመታፈን በሰበሱ። የበሰበሰ ሥር ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ሽፋኑ ተንሸራቶ ይወጣና ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሞሱ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ እስኪንኮሻኮሽ መድረቅም የለበትም፤ ያን ያህል ከደረቀ እንደገና ውኃ ለመቀበል ያስቸግራል።

መመሪያው በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት ቁራጭ በረዶ መትከያው ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው ይላል። ቀዝቀዝ ባለና እርጥበት ባለው ክፍል ይህ ተክሉን ላይገድለው ይችላል፤ በደረቅ ሙቀት ግን ምክሩ ጎጂ ነው። የሚቀልጠው ውኃ የላዩን ቅርፊት አርሶ ያልቃል እንጂ ታች ያሉት ሥሮች ዘንድ አይደርስም፤ የተከማቸውን ጨውም አጥቦ አያወጣም። እኔ መትከያውን ከነተክሉ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነክሬ አንጠፈጥፈዋለሁ፤ በሞቃቱ ወራት በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ፣ በቀዝቃዛው ወራት በየስምንት ቀኑ ገደማ። የምነክረው ጠዋት ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው እምብርት ውኃ ይዞ ካደረ ሊበሰብስ ስለሚችል የገባውን ውኃ በሶፍት አደርቀዋለሁ።

ከሁሉ ያነሰ ጥቅም ያገኘሁት ከጠጠሩ ሳህንና ከመርጫው ነው፤ በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደላት የተሞገሱት ደግሞ እነርሱው ናቸው። ሳህኑን ውኃ ሞልቼ የእርጥበት መለኪያ ቅጠሉ አጠገብ ሳደርግ፣ ክፍሉ 22 በመቶ ሲያሳይ በተክሉ ዙሪያ ያገኘሁት 25 በመቶ ነበር። በክፍት ክፍል ውስጥ ከሳህኑ የተነነው ውኃ በአየሩ እንቅስቃሴ ወዲያው ይበተናል። መርጫውም ቢሆን የሚያስገኘው እርጥበት ከጥቂት ደቂቃ አይዘልም፤ ውኃው ጨዋማ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገርም አለ፦ ፋላኖፕሲስ ቀን የቅጠሎቹን ቀዳዳዎች ዘግቶ የሚከፍታቸው በዋነኛነት ሌሊት ነው፤ አየር የሚያስገባውም፣ ውኃ የሚያስወጣውም ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ እርጥበት በብዛት የሚያስፈልገው ከምሽት እስከ ንጋት ሆኖ ሳለ መመሪያው በቀትር እርጩ ይላል።

እርጥበትን በእርግጥ የሚይዘው የተከለለ ቦታ ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን የተባለ አበባ የሌለው ተክል ሲበቅል ካስተዋለ በኋላ የሠራው የመስታወት ሣጥን፣ ተክሎች የወራት የባሕር ጉዞ ችለው ከአህጉር ወደ አህጉር እንዲሻገሩ አስችሏል። እኔም ሳህኑን ትቼ አንድ አሮጌ የመስታወት ቁም ሣጥን ትንሽ ማራገቢያ ገጠምሁለት፤ ውስጡም ከ55 በመቶ በታች ወርዶ አያውቅም። ማራገቢያው የግድ ነው፤ አየሩ ከቆመ ሻጋታ ይመጣል። የመስታወት ሣጥን ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ ተክሉን ይቀቅለዋል። ሣጥን የሌለው ሰው ውኃ እያተነነ አየር የሚያቀዘቅዝ ማሽን ካለው፣ ተክሉን ነፋሱ በቀጥታ በማይመታው ማዕዘን ቢያስቀምጠው ሙቀቱም ድርቀቱም በአንድ ጊዜ ይቀንስለታል።

ስለ ማዳበሪያው ብዙ የምለው የለኝም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በእኩል መጠን ያለበት የተለመደ 20-20-20 ሲሆን፣ ጽሑፉ ከሚያዘው ሩቡን ብቻ መጠቀም ይበቃል። ከማዳበሪያው ይልቅ ያሳሰበኝ ውኃው ነበር። በደረቅ አካባቢዎች የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ሌሎች ጨዎች ይበዙበታል፤ ውኃው ሲተን ጨው መትከያው ውስጥ ይቀራል። በአራተኛው ወር የመትከያው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ፤ የሁለት ሥሮች አረንጓዴ ጫፍም ጠቁሮ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ወይም የተጣራ ውኃ እጠቀማለሁ፤ በወር አንድ ጊዜም ማዳበሪያ በሌለበት ብዙ ውኃ መትከያውን አጥባለሁ። በጨው ውኃን የሚያለሰልስ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ከዚያ የሚወጣውን ውኃ ባይሰጡት ይሻላል፤ መሣሪያው ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካዋልና።

ካርቶኑ ውስጥ ሊኖር ሲገባው የሌለው የእርጥበት መለኪያ ነው። ከመርጫው ይልቅ ይህ ቢገባበት ገዢው ቤቱን ከመጀመሪያው ቀን ያውቀው ነበር። ስለ ብርሃንም «ብሩህ ቦታ» ከማለት ያለፈ ነገር አልተጻፈም፤ ፀሐይ በሚበረታበት አካባቢ ግን በስስ መጋረጃ ወይም በጥላ መረብ ያልተጣራ የቀትር ብርሃን ቅጠሉን በአንድ ቀን ያቃጥለዋል። ቅጠሉን በእጅ ዳስሶ ከአካባቢው አየር የሚሞቅ ከሆነ ተክሉን ማራቅ ቀላል ዘዴ ነው። ሙቀትና ድርቀት የሚወዱ፣ በቅጠሉ ሥር ስስ ድር የሚያደሩ፣ ቀይ ሸረሪት የሚባሉ ጥቃቅን ተባዮችም አልተጠቀሱም፤ የቅጠሉን ጀርባ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይከላከላቸዋል።

ደረቅ አየር በጎ ጎኑም አለው። በእርጥብ አካባቢ አብቃዮችን የሚያስለቅሰው የቅጠል መበስበስና ነጠብጣብ እኔ ዘንድ አልታየም። በብዙ ደረቅ አካባቢዎች ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ፋላኖፕሲስ ደግሞ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ሌሊቱ ወደ 18 ዲግሪ ወርዶ፣ ቀኑም ከ25 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ነው። የቀዝቃዛው ወራት መግቢያ ይህን ያለ ድካም ሰጠኝ።

ለጥቅሉ ከአምስት ነጥብ ሦስቱን እሰጠዋለሁ፤ ሦስቱንም ነጥብ ያገኘው በመትከያው፣ በቅርፊቱና በሞሱ ነው። ዕቃዎቹን ለየብቻ ማግኘት የሚችል ሰው እነዚህን ሦስቱን ገዝቶ ከእርጥበት መለኪያ ጋር ቢጀምር፣ ተክሉንም ለይቶ ቢመርጥ እመክራለሁ። ክፍት በረንዳ ብቻ ላለው ሰው ወፍራም እርሳስ መሰል ቅጠል ያላትና ሽታዋ ሌሊት የሚያውደው ብራሳቮላ ኖዶሳ ከፋላኖፕሲስ ይልቅ ሙቀትን ትችላለች፤ በአፍሪካ ሞቃት ሣር ምድር ባሉ ዛፎች ላይ የምትበቅለው አንሴሊያ አፍሪካናም ቦታ ሰፊ ለሆነለት ጥሩ ምርጫ ናት። ሥሩ ራቁቱን ተንጠልጥሎ የሚያድገውን ቫንዳ ግን አበባው ቢያማልልም በደረቅ አየር ለሚጀምር ሰው አልመክርም፤ በየቀኑ ውኃ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። ከካርቶኑ የወጣው ፋላኖፕሲስ ዛሬም መስታወቱ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ባለፈው ወር ያወጣው ዘንግ አንድ ስንዝር አልፏል፤ እንቡጦቹም እስካሁን ዘጠኝ ናቸው። መርጫውን ልብስ ስተኩስ እጠቀምበታለሁ።