የሰለቸንን ኩዊን እንደገና ለመስማት፦ ምርጥ ዘፈኖች ወይስ ሙሉ አልበም?

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ኩዊንን ለዓመታት ደጋግሜ ሰምቼ በመጨረሻ ሰለቸኝ። ገና ሲጀምር ማለቂያው ይታወቀኛል። ክረምት ላይ የጎንደር ዝናብ ቤት ሲያስቀምጠኝ ግን ናፈቀኝ። በሁለት መንገድ ሞከርኩት።

ወጪው ያው ነው። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረድከው በኋላ ዳታ አይበላም።

የምርጥ ዘፈኖቻቸው ስብስብ «ግሬተስት ሂትስ» (1981 እ.ኤ.አ.) ቀላል ነው። ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ ስትሄድ መሃል ላይ ብታቋርጠው ምንም አይጎድልብህም። ሮክ ለማያውቅ ጓደኛም ይመቻል። ችግሩ፣ መጀመሪያ ያሰለቹህ እነዚሁ ዘፈኖች ናቸው። እኔን በሁለተኛው ቀን ታከተኝ።

ሙሉ አልበሙ «ኩዊን 2» (1974 እ.ኤ.አ.) ትዕግስት ይፈልጋል። 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መቆራረጥ አይወድም። የሸክላው ሁለት ገጾች «ነጭ» እና «ጥቁር» ይባላሉ። የጥቁሩን ዘፈኖች በሙሉ የጻፈው ዘፋኛቸው ፍሬዲ መርኩሪ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ሰማሁት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደራረበ ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው ሲሻገር ከተጋደምኩበት ብድግ አልኩ። እነዚህን ልጆች አውቃቸዋለሁ ብዬ ነበር እኮ! ከ11ዱ ዘፈኖች በእንግሊዝ በወጣው «ግሬተስት ሂትስ» ውስጥ የገባው አንድ ብቻ ነው።

ናፍቆት ብቻ ከሆነ ያለህ፣ ወይም ከሰው ጋር የምትሰማ ከሆነ፣ ምርጦቹ ይበቃሉ። በእውነት ከሰለቸህና አንድ ነጻ ማታ ካለህ ግን አልበሙን ክፈት፤ በጥቁሩ ገጽ ብትጀምር ደስ ይለኛል።